በሐበሻ ስፖርትና ማኅበራዊ ክለብ በነጻ ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

አዲስ ገብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። እዚህ ቅዳሜ ልጆች የሚሰለጥኑበት፣ እሁድ ትልልቆቹ የሚጫወቱበት፣ በበዓል ደግሞ ሁሉም ከነቤተሰቡ የሚገናኝበት የሐበሻ ክለብ አለ። ሁለቱ ልጆቼ (8 እና 11 ዓመት) ለሚቀጥለው ሲዝን ይመዘገባሉ፤ እኔም ማገዝ እፈልጋለሁ። ኳስ አልጫወትም። ሥራዬ በሽፍት ስለሆነ እርግጠኛ ሆኜ የምገኘው በወር ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው።

ኳስ የማታውቅ ሴት ምን ላይ ትጠቅማለች? ከልጆች ጋር ለመሥራት ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ገንዘብ የሚነካ ሥራ ቢሰጡኝ ምን ልጠንቀቅ? ለመኪና የማወጣውን ከታክስ ማስቀነስ ይቻላል? በጁላይ ምግብ ለመሸጥም ታስቧል፤ ለዚያስ ከአሁኑ ምን ይዘጋጅ?

የሜዳ ሰው፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። በወር ሁለት ቅዳሜ ከበቂ በላይ ነው፣ አትፈሪበት። ክለብ የሚጎዳው "ሁሉም ላይ አለሁ" ብሎ በጨዋታው ጠዋት ስልኩን በማያነሳ ሰው ነው። ስለዚህ አስተባባሪውን ስታገኚ "ያዘዛችሁኝን እሠራለሁ" አትበዪ። "ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፣ በወሩ የመጀመሪያና ሦስተኛ ቅዳሜ፣ ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ" ብለሽ ሥራውን፣ ቀኑንና ማብቂያውን ለይተሽ ንገሪያቸው። ማብቂያ ያልተቆረጠለት አገልግሎት መጨረሻው ኩርፊያ ነው። ሰው ሲደክመው ሳይናገር ይቀራል፤ ቁልፉም፣ የምዝገባው መዝገብም አብሮት ይቀራል።

ሰዓት ስትጽፉ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" የምትለውን ቃል አትዝለሉ። በግሩፑ ላይ "8 ሰዓት ሜዳ እንገናኝ" ተብሎ ሲጻፍ ግማሹ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ይመጣል፣ ግማሹ በሐበሻ ሰዓት ከምሳ በኋላ።

ኳስ የማይጠይቅ ሥራ ሞልቷል፦ ምዝገባ፣ የማሊያ ዕቃ ቤት፣ የሜዳ ፈቃድ መከታተል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ውሃ፣ ሜዳ ማዘጋጀት። የመጨረሻው ሁሉም የሚሸሸው ነው፤ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ግን በ40 ደቂቃ ያልቃል።

ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጆች 7 ለ 7 የሚጫወቱበት ሜዳ ርዝመቱ ከ55 እስከ 65፣ ስፋቱ ከ35 እስከ 45 ያርድ ነው። 60 በ40 ብትይዙ ጥሩ ነው። በግምት በእርምጃ የተለካ ሜዳ ሁልጊዜ ይጣመማል። አንዱን ማዕዘን በካስማ ትከሉና በረጅሙ መስመር ላይ 8 ያርድ፣ በአጭሩ መስመር ላይ 6 ያርድ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 10 ያርድ ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ካነሰ ወይም ከበለጠ አጭሩን መስመር እያዞራችሁ አስተካክሉ። አራቱም ማዕዘን ከቆመ በኋላ ሰያፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ፤ ሁለቱም ሰያፍ 72 ያርድ ከ4 ኢንች ገደማ መሆን አለባቸው። የሜትር ገመዱ ከላላ ልኬቱ ይዋሻልና በሁለቱም ጫፍ ወጠር አድርጋችሁ ያዙት። ካውንቲው ሣር መቀባት ካልፈቀደ በየ10 ያርዱ ጠፍጣፋ ኮን ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሚነቀለው ጎል ነው። ያልታሰረ ጎል ተገልብጦ ልጅ ይገድላል፤ በዚህ አገር በተደጋጋሚ የሆነ ነገር ነው። የአሸዋ ከረጢቱ የሚቀመጠው ከኋላ መሬት የሚነካው ብረት ላይ ነው። ከጎኑ ወይም ከፊት ምሰሶው ሥር የተቀመጠ ከረጢት ጎሉ ወደፊት እንዳይደፋ አያደርገውም። ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግ ጎሉ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይናገራል። ለስላሳ ሣር ላይ የመሬት ካስማም ይጨመራል። ከጨረሳችሁ በኋላ ላይኛውን ብረት ይዛችሁ ወደፊት ሳብ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ ጨዋታ አይጀመርም። ልጆች አግዳሚው ላይ እንዳይንጠለጠሉም አንድ ሰው በስም ይመደብ። ጨዋታው ሲያልቅ ጎሉ በፊቱ ይተኛል ወይም በሰንሰለት ይታሰራል።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወደ መኪና። የሚመለሱት ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፤ በመካከል ሌላ ከተሰማ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ወላጅ "ዝናቡ እኮ አባራ" ቢልም የሚቆጠረው ነጎድጓዱ ነው።

ኮች ቅዳሜ፦

በወረቀቱ በኩል ልጨምር። ከልጆች አጠገብ የሚቆም ማንኛውም ትልቅ ሰው፣ ውሃ የምታድለዋም ብትሆን፣ ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ) ማለፍ አለባት። ውጤቱ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ሲዝኑ ሳይጀመር አስገቢ። ከዚያ ልጆችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ የሚያስተምር የሴፍስፖርት ኮርስ አለ፣ በኢንተርኔት የሚወሰድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ስለ ጭንቅላት ጉዳት ደግሞ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ያዘጋጀው ነጻ ኮርስ አለ። የሁለቱንም ሰርተፊኬት ፎቶ አንሥተሽ ለጸሐፊው ላኪ፣ አንድ ኮፒ ስልክሽ ላይ ይቀመጥ።

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሳይኖሩ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻሽን አትቆዪ። ይህ ሕግ የሚፈተነው ወላጅ ሲያረፍድ ነው። ልምምዱ አልቆ አንድ ልጅ ከቀረ፣ አሰልጣኙና ሌላ ሰው አብረው ይጠብቃሉ፤ ልጁን በመኪናሽ ጭነሽ ቤቱ አታድርሺም፣ እናቱ የቅርብ ጓደኛሽ ብትሆንም። ለልጅ በግል ቴክስት አይጻፍም፣ ወላጁ ያለበት ግሩፕ ላይ ነው የሚጻፈው። በምዝገባ ቀን ከአንድ ወላጅ ሁለት ስልክ፣ እንዲሁም ልጁን ሊወስድ የሚችል የሌላ ሰው ስም ተቀበሉ።

በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብለሽ ከጠረጠርሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከ2018 ጀምሮ በእንደዚህ ዓይነት የወጣት ስፖርት ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ያስገድዳል። ለክለቡ ሊቀመንበር መንገር ብቻውን ግዴታሽን አያወርድልሽም። በእኛ ዘንድ ነገር በሽማግሌ ይያዝ የሚባልበት ልማድ አለ፤ ለመሬት፣ ለዕዳ፣ ለጥል ሽምግልና ትልቅ ሀብት ነው፣ ለልጅ ጥቃት ግን ቦታው አይደለም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን እስኪይዙት ልጁ ሌላ ጊዜ ይጎዳል።

ልጆችሽን በተመለከተ፦ ትንሹ ከ8 ዓመት በታች ምድብ ከገባ 4 ለ 4 ያለ በረኛ ነው የሚጫወተው፣ ኳሱ ቁጥር 3። ትልቁ 9 ለ 9፣ ኳሱ ቁጥር 4። ቁጥር 5 የሚጀምረው ከ13 ዓመት ነው። "ያድግበታል" ብለሽ ትልቅ ኳስ አትግዢ፤ የልጅ ቁርጭምጭሚት ለከባዱ ኳስ አልደረሰም፣ ልጁም ኳሱን በጫማው አፍንጫ መምታት ይለምዳል። በዩኤስ ሶከር ደንብ 10 ዓመትና ከዚያ በታች በጭንቅላት መምታት ክልክል ነው። ከ11 እስከ 13 ደግሞ በልምምድ በሳምንት ከ30 ደቂቃ፣ ለአንድ ልጅም ከ15 እስከ 20 ምት አይበልጥም።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይወጣል፣ በዚያ ቀንም አይመለስም። ራሱን ስቶ መውደቅ የግድ አይደለም። ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ብርሃን መሸሽ፣ ማቅለሽለሽ፣ ውጤቱን መርሳት ሁሉ ምልክት ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚብስ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ ወይም መንቃት ያቃተው እንቅልፍ ካየሽ 911 ደውይ። ወደ ሜዳ የሚመለሰው ሐኪም በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው፤ በሜሪላንድ ይህ በሕግ የተደነገገ ነው።

እግሩ የተጠማዘዘን ልጅ ደግሞ ማሸት የሚወዱ አባቶች አይጠፉም። ያበጠ ቁርጭምጭሚት በመጀመሪያው ሁለት ቀን አይታሽም፣ የሚያቃጥል ቅባትም አይቀባም፤ ሁለቱም እብጠቱን ይጨምራሉ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ማሰሪያ፣ እግሩ ከፍ ብሎ። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ያስፈልገዋል።

ሒሳብ አጣሪ፦

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። መጀመሪያ ክለቡ በምን እንደተመዘገበ ጠይቂ። 501ሲ3 (የበጎ አድራጎት ድርጅት) ከሆነ ሰው የሚሰጠው መዋጮ ከታክስ ሊቀነስ ይችላል። 501ሲ7 ከሆነ ማኅበራዊ ክለብ ነው፣ እሱ ራሱ ከታክስ ነጻ ቢሆንም ለሰጪው አይቀነስም። ብዙ ክለቦቻችን ይህን ሳይለዩ በፍላየር ላይ "ታክስ ዲዳክቲብል" ብለው ይጽፋሉ፤ ስህተት ነው፣ ሰጪውንም ችግር ላይ ይጥላል።

የመኪናሽ ነገር፦ ክለቡ 501ሲ3 ከሆነ ለአገልግሎት የነዳሽው በማይል 14 ሳንቲም ይያዝልሻል፣ ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያም ይጨመራል። በዋናነት የሚጠቅመው ዲዳክሽኑን በዝርዝር ለሚያስገባ ሰው ነው። ቀኑን፣ ከየት ወዴት እንደሄድሽ፣ ለምን እንደሄድሽና ስንት ማይል እንደሆነ በዚያው ቀን ጻፊው። የጊዜሽ ዋጋ አይቀነስም፣ ለሞግዚት የከፈልሽውም አይቀነስም።

ገንዘብ ከተቀበልሽ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ሁኑ። የበር ትኬት ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን። ሳጥኑን ስትረከቢ መነሻ ዝርዝሩን ቆጥረሽ ፈርሚ፤ ለምሳሌ 100 ዶላር በ40 ባለ አንድና በ12 ባለ አምስት። በማብቂያው ከመጨረሻው የተሸጠ ትኬት ቁጥር የመጀመሪያውን ቀንሺ፣ አንድ ጨምሪ፣ በዋጋው አባዢ፣ መነሻውን ጨምሪ፤ ከሳጥኑ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ከኪስሽ አትሙይው። ጉድለቱን እንዳለ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። በነጻ የገባ ሰው ትኬቱ ተቀዶ "ነጻ" ተብሎ ካልተመዘገበ ጉድለቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ከሳጥኑ ላይ ወጪ አይከፈልም። ለበረዶ 20 ዶላር አውጥቶ "በኋላ ደረሰኝ አመጣለሁ" ማለት የሁሉም ጭቅጭቅ መነሻ ነው። ሽያጩ ሙሉውን ባንክ ይገባል፣ ወጪ በቼክ ይወጣል፣ ቼኩም ሁለት ፊርማ ይኑረው፤ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አብረው ፈራሚ አይሁኑ። በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ከሆነ በክለቡ አካውንት እንጂ በማንም የግል ስልክ አትቀበሉ። በግል አካውንት የገባ ገንዘብ የክለቡን ከግል መለየት ያስቸግራል፣ ሰውየው ከለቀቀም መዝገቡ አብሮት ይሄዳል።

የእራት ትኬት 100 ዶላር ሸጣችሁ የእራቱ ዋጋ 40 ከሆነ ለሰጪው የሚቀነስለት 60 ብቻ ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር ስለሚበልጥም ክለቡ ይህን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው ደግሞ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጻፋል።

የመጨረሻው፣ ቦርዱን የምትጠይቂው፦ 990-ኤን በየዓመቱ ገብቷል ወይ? ገቢው በተለምዶ ከ50 ሺህ ዶላር ያልበለጠ ትንሽ ክለብ የሚያስገባው አጭር የኢንተርኔት ቅጽ ነው። የበጀት ዓመቱ በዲሴምበር የሚዘጋ ከሆነ ቀነ ገደቡ ሜይ 15 ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልገባ ከታክስ ነጻ መሆኑ በራሱ ይሰረዛል። ቦርድ ሲቀየር የይለፍ ቃሉ ከአሮጌው ገንዘብ ያዥ ጋር ስለሚቀር ነው ይህ የሚደርሰው።

እትዬ ሞሰብ፦

ልጄ፣ ስለ ምግቡ እኔ ልንገርሽ። የጁላይ መጀመሪያ ሁልጊዜ የሰኔ ጾም ውስጥ ነው፣ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በፈረንጁ ጁላይ 12 ነው። ስለዚህ ከጁላይ 4 ሳምንት ጋር የተያያዘ ዝግጅት ከሆነ የጾሙ ምግብ ዋናው፣ ፍስኩ ጭማሪ ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በተቃራኒው ስለሆነ ዶሮው ይተርፋል፣ ሽሮው በሁለት ሰዓት ያልቃል። የጾሙ ጭልፋ ከፍስኩ ይለይ፤ ባለ ሁለት ቀለም እጀታ ግዙ፣ በግርግር ሰዓት ጽሑፍ የሚያነብ የለም። ለሙስሊም ወገኖቻችን ሥጋው ሐላል መሆኑ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ዕቃውም ለብቻው።

ለ100 ሰው በየዓይነቱ፦ 150 እንጀራ፣ 10 ፓውንድ ክክ ምስር፣ 6 ፓውንድ ሽሮ፣ 25 ፓውንድ ጥቅል ጎመን ከ10 ፓውንድ ካሮትና ከ10 ፓውንድ ድንች ጋር፣ 20 ፓውንድ ሽንኩርት። እንጀራው ሳይበርድ በፕላስቲክ ከተጠቀለለ ያልበዋል፣ ይጣበቃል፣ በማግስቱም ይሻግታል። በጨርቅ ላይ አብርዳችሁ ጠቅልሉ።

ለሽያጭ የሚቀርብ ምግብ ከካውንቲው ጤና ቢሮ ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በየሰው ቤት የተሠራ ወጥ ብዙውን ጊዜ አይፈቀድምና ፈቃድ ያለው ኪችን ወይም የሐበሻ ምግብ ቤት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማመልከቻውን ቢያንስ ከወር በፊት አስገቡ። ትኩስ ምግብ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት በላይ፣ ቀዝቃዛ ከ41 በታች ይቀመጣል፣ የሚሞቀው ወጥ 165 ይድረስ። መርማሪው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቴርሞሜትር ነው፣ ሁለት ያዙ።

በዋዜማው የሚሠራው ዶሮ ወጥ ላይ ነው አደጋው። ትልቅ ድስት ከነክዳኑ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ መሃሉ እስከ ጠዋት ለብ እንዳለ ያድራል፣ ባክቴሪያ የሚወደው ይህንን ነው። ከ135 ወደ 70 በሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 41 በአራት ሰዓት መውረድ አለበት። ከሁለት ኢንች በማይበልጥ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪ አከፋፍላችሁ፣ ሳትከድኑ አብርዱት። ጥሬ ክትፎ ሜዳ ላይ አታስቡት።

እጅ መታጠቢያም አትርሱ፦ ቧንቧ ያለው 5 ጋሎን ጀሪካን፣ ከሥሩ ባልዲ፣ ሳሙና፣ የወረቀት ፎጣ። ሳኒታይዘር ይህን አይተካም።

ተመልካች፦

እትዬ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል፦ አዲስ የመጣች ሴት ሁሉ ሳትጠየቅ ወደ ምግቡ ትላካለች፣ ቦርዱም ገንዘቡም ወንዶቹ ጋ ይቀራል። እህታችን የጠየቀችው ስለ ልጆቹና ስለ ገንዘቡም ነው። ምዝገባ ወይም ሒሳብ ከፈለግሽ እሱን በስሙ ጠይቂ።

እትዬ ሞሰብ፦

እውነት ነው። ሽንኩርት የሚቆርጥ ወንድም ይመደብ። ሽንኩርቱ 20 ፓውንድ ነው ያልኩት፣ እጅ ይፈልጋል።

አዲስ ገብ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ምዝገባውን እይዛለሁ። አስተባባሪው ግን የሜዳ ፈቃዱንም እንድከታተል ጠይቆኛል። ኢንሹራንስ አለን አለኝ፤ ካውንቲው ግን ወረቀቱን መለሰው። ምን ጎድሎ ይሆን?

የሜዳ ሰው፦

በብዛት የሚመለሰው ከሦስት በአንዱ ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ካውንቲው "አዲሽናል ኢንሹርድ" (ፖሊሲው በተጨማሪ የሚሸፍነው አካል) ተብሎ አልተጻፈም፤ ወይም የክለቡ ስም ማመልከቻው ላይ ካለው በአንድ ቃል ይለያል፤ ወይም ፖሊሲው ሲዝኑ ሳያልቅ ይጠናቀቃል። ካውንቲው የሚፈልገውን አጻጻፍ ከማመልከቻው ላይ ቃል በቃል ገልብጠሽ ለኢንሹራንስ ወኪሉ ላኪለት፤ አስተካክሎ መላክ ለእሱ ትንሽ ሥራ ነው። የሽፋኑን መጠንም እይ፣ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ፖሊሲው ልጆችንም ምግብ ሽያጭንም ይሸፍን እንደሆነ በኢሜይል ጠይቂው፤ በስልክ የተመለሰ መልስ አደጋ ሲደርስ አይጠቅምም። ፈቃዱ ሲወጣ አትመሽ በፕላስቲክ አድርጊና በየሳምንቱ ወደ ሜዳ የሚሄደው ሣጥን ውስጥ አስቀምጪ፤ ሌላ ቡድን "ሜዳው የእኛ ነው" ብሎ ሲመጣ የሚያበቃው እሱን በማሳየት ነው።